ካቻቢቴውን አስቀምጥና መጀመሪያ ለካ

ቆይ ወንድምዓለም፣ ካቻቢቴውን አስቀምጠው። ለአዲሱ የኮምፒውተር ኬዝ ገንዘቡን ገና አልላክህም አይደል? እንኳን አልላክህ። እስቲ አሮጌውን ወደ ብርሃኑ አዙረው፤ ግንባሩ ላይ ዴል ወይም ኤችፒ የሚል አለበት?

ይህን የምጠይቅህ በከንቱ አይደለም። አገራችን ውስጥ ከሚሸጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ዴልና ኤችፒ ናቸው። ጠንካራ ናቸው፣ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ ግን ከራሳቸው ሳጥን ወጥተው ሌላ ቤት መግባት አይሆንላቸውም። ሱቅ የምታየው ኬዝ የሚሠራው ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ በሚባለው ልክ ነው። ትልቁ ማዘርቦርድ 30.5 በ24.4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ማይክሮ የሚሉት 24.4 በ24.4። የብሎኑ ቀዳዳ፣ የኋላው መስኮት፣ የፓወር ሰፕላዩ ቦታ፣ ሁሉም ይህንኑ ልክ ተከትሎ ነው የሚቀመጠው። የተለመደው ማዘርቦርድ ከፓወር ሰፕላይ የሚቀበለው ዋና መሰኪያ 24 ቀዳዳ አለው፤ ዴል 9020 ላይ ግን 8 ነው፣ ኤችፒ 800 ጂ1 ላይ 6። የማብሪያው ገመድም እንደየፋብሪካው ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ይዞ አዲስ ኬዝ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የዚህ ዓይነት ቢሆንብህ ኖሮ አቧራውን ጠርገህ፣ ፋኑን ቀይረህ፣ በተረፈው ብር ኤስኤስዲ ግዛ እልህ ነበር።

ያንተን ቁጠረው። 24 ነው፣ ስምም የለበትም፤ ሰው ገጣጥሞ የሸጠው ነው። እንግዲያው ይሄዳል። አሁን ሜትሩን አምጣና ማዘርቦርዱን ለካ፤ ቀጥሎ የሲፒዩው ማቀዝቀዣ ከማዘርቦርዱ ላይ ምን ያህል እንደሚቆም ለካ። ለብቻው የሚሰካ ግራፊክስ ካርድ ካለህ ርዝመቱንም ጨምር። ልኩን ለሻጩ በስልክ ንገረው። ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አባይ በረሃን ወርዶ፣ ወጥቶ፣ በደጀንና በቢቸና አልፎ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው፤ አልገባም ብለህ የምትመልሰው ነገር አይደለም። ፊቱ ላይ የሚወልቅና የሚታጠብ የአቧራ ወንፊት ያለውን ምረጥ። ጤፍ በሚወቃበት ወራት እዚህ አየሩ ውስጥ ምን እንደሚበን አንተው ታውቃለህ፤ መብራት የሚረጭ ኬዝ ከሚያምርህ ወንፊቱ ይሻልሃል።

ኬዙ የመጣ ዕለት ደግሞ ሮብ፣ የገበያ ቀን፣ ከሆነ አትጀምር። ገበያተኛው ለውሃም ለጥላም ይገባል፣ ልጆች ይመጣሉ፣ አንዲት ብሎን ከጠፋች ማን ይፈልጋታል? ጸጥ ያለ ቀን ጠብቅ። ከመፍታትህ በፊት ኮምፒውተሩን አብርተህ እየሠራ መሆኑን እይ፤ በኋላ እምቢ ቢልህ ከአንተ ይሁን ከዕቃው የምታውቀው በዚህ ነው። ከዚያ አጥፋው፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀል፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫን፣ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ ይፍሰስ። የፓወር ሰፕላዩን ሆድ ግን መቼም እንዳትከፍት፤ ተነቅሎም ቢሆን ይመታል። እያንዳንዱን መሰኪያ ሳታወልቅ ፎቶ አንሳ፤ በተለይ የፊት ማብሪያው ቀጫጭን ገመዶች ያሉበትን ጥግ አቅርበህ። የናይለን ልብስህን አውልቅ፤ በበጋ ደረቅ አየር ልብስ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ አንተ ሳይሰማህ ቺፕ ያቃጥላል። በየመሀሉ ቀለም ያልተቀባ ብረት ንካ።

ማቀዝቀዣው ማዘርቦርዱ ላይ ብቻ የታሰረ ከሆነ አትፍታው፣ እንዳለ ከነራሙ አብሮ ይውጣ። አዲሱ ኬዝ ውስጥ ማዘርቦርዱ የሚቀመጥባቸው አጫጭር የናስ እግሮች አሉ። እዚህ ላይ አትቸኩል። ማዘርቦርዱ ቀዳዳ ባለበት ሁሉ እግር አብጅለት፤ ቀዳዳ በሌለበት የተተከለች እግር ካለች ንቀላት። አንዷ ትርፍ እግር ከሥር ነክታው ማዘርቦርዱን ልታቃጥለው ትችላለች። የኋላውን ቆርቆሮ ሽፋንም ቀድመህ ግጠመው፤ አለዚያ ሁሉን አስረህ ትፈታለህ።

ጀማሪን የሚያስቸግረው ጉልበት ነው፤ የት እንደሚጠቀመው አያውቅም። ባለ 24ቱ መሰኪያ ጠበቅ ያለ ነው፣ ማዘርቦርዱን በአንድ እጅህ ደግፈህ ቀጭ እስኪል ተጫነው። ራም ነቅለህ ከሆነም እንደዚያው፤ ግማሽ የገባ ራም ስክሪኑን ጥቁር ያደርገዋል። የፊት ዩኤስቢ ባለ 19 መርፌ መሰኪያ ግን ጉልበት አይወድም፤ አልገባም ካለ አውጥተህ አቅጣጫውን እይ፣ መርፌዋ ከታጠፈች አስቸጋሪ ናት። ብሎንም በጣትህ ሁለት ዙር ሳይሄድልህ በካቻቢቴ አታስገድደው። የማብሪያው ሁለት ገመድ ቢገለበጥ ምንም አይልም፤ የትንሿ አምፖል ግን ከተገለበጠ አይበራም፣ ያን ጊዜ አዙረው።

አዲሱ ኬዝ ከነፓወር ሰፕላዩ ከመጣልህ ጀርባውን እይ። አንዳንዱ 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ አለው። የእኛ መብራት 220 ነው፤ መቀየሪያው 115 ላይ ሆኖ ከሰካኸው በዚያው ቅጽበት ይፈነዳል። ዊንዶውስ ስለመጫን አታስብ፤ ማዘርቦርዱና ዲስኩ ያው ስለሆኑ እንደነበረው ይነሳል። ምንም ካላለ ግን የፓወር ሰፕላዩን የኋላ ማብሪያ፣ ከሲፒዩው አጠገብ ያለውን ባለ 4 ወይም ባለ 8 መሰኪያ፣ የማብሪያውን ገመድ በዚሁ ተራ እይ።

ሲሠራም ቆርቆሮውን በእጅህ ጀርባ ንካው። ከነዘረህ ዝም አትበለው። የሶኬቱ ሦስተኛ እግር ከመሬት ጋር አልተያያዘም ማለት ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ የሚያፈሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ መሄጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ይቆማል። ልጆች በባዶ እግራቸው እዚህ ወለል ላይ ስለሚሮጡ፣ ኤሌክትሪሽያን መጥቶ ምድር እስኪያስር ድረስ ነቅለህ አቆየው።