«ሠርገኛ መጣ» ሳይባል፦ የጉና ሠርግ የገበያ ሒሳብ

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው አባባል ዘወትር የሚጠቀሰው ዝግጅቱን ላዘገየ ሰው ነው። በነጋዴ ዓይን ለተመለከተው ግን አባባሉ የዋጋ ትምህርት ነው። ሠርገኛው ደጅ ሲደርስ በርበሬ የሚቀነጥስ ሰው፣ በርበሬውን የሚገዛውም ሁሉም በሚገዛበት ሳምንት፣ በሻጩ ዋጋ ነውና። በደብረ ታቦር ከተማና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋ ወረዳዎች ሠርግ ቤተሰብን ከሚያራቁትባቸው ምክንያቶች አንዱና ዋነኛው ይኸው ነው።

ጉዳቱ በድግሱ ዕለት አይታይም። ገበሬው በጥር በሬውን ሸጦ ይደግሳል፤ እርሻ ሲደርስ ጥማዱ ይጎድልበታል። ነጋዴው ደግሞ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡን ከሱቁ አውጥቶ ይደግሳል፤ ከፋሲካ በፊት ገበያው ሲሞቅ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ «ሠርጉ ስንት ፈጀ?» ከማለት ይልቅ «ከየትኛው ገንዘብ ወጣ? መቼ ተገዛ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲገዛ

የሠርግ ወቅት ጠባብ ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ ዓቢይ ጾም ደግሞ ለ55 ቀናት ይጾማሉ፤ በነዚህ ጊዜያት ሠርግ አይደገስም። በመካከል የሚቀረው ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከፋሲካ ቀጥሎ ያሉት ሳምንታት ይመጣሉ። የገና፣ የጥምቀትና የሠርግ ገዥ በአንድ ላይ ወደ ከብት ተራ ሲወጣ የበሬ፣ የቅቤና የዶሮ ዋጋ ቢወደድ ሊያስገርም አይገባም።

መፍትሔው ያለው በዚያው በጾሙ ወቅት ነው። በጾም ቅቤ ፈላጊ ስለሚያንስ፣ ገዝቶ ማንጠርና ማስቀመጥ ያዋጣል። በሬውም በኅዳር ከክረምቱ ሣር ወፍሮ በሚገኝበት ጊዜ ቢገዛ፣ ገለባው ከአውድማ፣ አተላው ከጠላ ጠመቃው ይገኛል። አዲሱ በርበሬ ወደ ገበያ የሚገባው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ጤፍና የፎገራ ሩዝም የሚሰበሰቡት በዚሁ ሰሞን በመሆኑ፣ ለጥር ሠርግ ብቻ ሳይሆን ለሚያዝያ ሠርግ የሚያስፈልገውን እህል ጭምር በጥር ገዝቶ ማስቀመጥ ብልህነት ነው።

ሽንኩርት ግን የተለየ ጠባይ አለው። የፎገራና የሊቦ ከምከም የመስኖ ሽንኩርት በብዛት የሚወጣው ከየካቲት ወዲህ በመሆኑ፣ የሚያዝያ ደጋሽ ተጠቃሚ ይሆናል። ቶሎ ስለሚበላሽም ሠርጉ ሲቃረብ የሚገዛ ዕቃ እንጂ የሚከማች አይደለም። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው ግጭት ካስከተለው የመንገድ መዘጋት ነጋዴው አንድ ነገር ተምሯል። ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ለመጨረሻው ሳምንት አይቆይም።

ስንት በሬ ይበቃል?

ብዙ ደጋሽ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። እንበልና 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ተገዛ። ሲታረድ ሥጋው ከነአጥንቱ የክብደቱ ግማሽ ገደማ፣ ማለትም 150 ኪሎ ይሆናል። አጥንቱ ሲወጣ 100 ኪሎ ያህል ይቀራል። ለ300 እንግዳ ለያንዳንዱ ሩብ ኪሎ ቢታሰብ የሚያስፈልገው 75 ኪሎ ነው። አንድ ደህና በሬ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ሁለተኛው በሬ የሚታረደው ለእንግዳው ሆድ ሳይሆን ለጎረቤት ወሬ ነው። «ቢጎድልስ?» የሚል ሥጋት ላለበት ሰው፣ በደጋው የሚረባው የፋርጣ በግ አለለት። ሁለትና ሦስት በግ አቆይቶ ካስፈለገ ማረድ፣ ካላስፈለገ መልሶ መሸጥ ይቻላል። የታረደ በሬ ግን አይመለስም።

እንጀራውም እንዲሁ ነው። በወረታና በፎገራ ሩዝን ከጤፍ ቀላቅሎ መጋገር የተለመደ በመሆኑ ማንም እንደ ጉድለት አያየውም። ሩዙ ሲበዛ እንጀራው ቶሎ ስለሚደርቅ ግን በዋዜማው መጋገር ይገባል። መጠጡን በተመለከተ፣ የጉና ገብስ ያለው ቤት ጠላውን ዋነኛ አድርጎ ቢራውን ተጨማሪ ቢያደርገው ወጪው ይቀላል። ቢራ የሚረከብ ሰውም ያልተከፈተውን ሣጥን የመመለስ ስምምነት አስቀድሞ ይያዝ። ለዳሱ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብርጭቆ ዕድሩ አለ። የባሕር ዛፍ እንጨቱም ከሠርጉ በኋላ የሚሸጥ ንብረት ነው።

ስጦታ ገቢ አይደለም

«እንግዳው በሚሰጠው እንከፍላለን» ብሎ በዱቤ መደገስ አደገኛ ስሌት ነው። ደጅ ላይ ደብተር ይዞ ስጦታ የሚመዘግበው ሰው የሚጽፈው የቤቱን ገቢ ሳይሆን የቤቱን ዕዳ ነው። ያመጣው ሁሉ ነገ ልጁን ሲድር ይጠብቃልና። ዕዳው ወለድ ባይኖረውም ከኑሮ ውድነቱ ጋር ያድጋል። ከአሥር ዓመት በፊት 200 ብር ለሰጠ ሰው ዛሬ 200 ብር ይዞ የሚሄድ የለም። ስለዚህ ደብተሩን እንደ ንግድ መዝገብ ማስቀመጥ፣ ከስጦታው ከፊሉንም ለመመለሻ ይዞ ማቆየት ይገባል። ለድግሱ የሚሆነውን ጥሬ ገንዘብ በዕቁብ አስቀድሞ ማዘጋጀት ከብድር ይሻላል፤ ዕጣውም ከጾሙ በፊት እንዲደርስ መነጋገር ነው።

የሚያምረውና የሚያስመስለው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚገባ ቬሎ፣ ሱፍና ማስጌጫ የሚሸመተው በዚህ ሒሳብ ነው። ለአንድ ቀን የሚለበሰውን መከራየት፣ ገንዘብ የሚወጣበትን ደግሞ በአገር ልብስ ላይ ማዋል ይሻላል። ጥሩ ጥበብ ለዓመት በዓልም፣ ለሌላ ሰው ሠርግም፣ ለክርስትናም ይለበሳልና። ወርቅ ሀብት ነው መባሉ እውነት ነው። ሆኖም ሲሸጥ የሚታየው ክብደቱና ካራቱ እንጂ የሠሪው የእጅ ዋጋ አይደለም። ለገንዘብ ማስቀመጫ የሚገዛ ሰው ሥራው ቀለል ያለውን ይምረጥ። መልሱንና ቅልቅሉን በአንድ ቀን ማድረግም ሁለተኛ ድግስ ያስቀራል።

የማይቆጠብበት

ሁለት ነገሮች ለቁጠባ አይቀርቡም። አንደኛው ሁለቱ ወገኖች ለሙሽሮቹ መቋቋሚያ የሚሰጡት ከብትና ገንዘብ ነው። ድግሱ ለማሳመር ሲባል ይህ ከተቀነሰ፣ እንግዳው አንድ ቀን ጠግቦ ሙሽሮቹ ዓመቱን ሙሉ ይቸገራሉ። ወላጆች በጀት ሲይዙ መቋቋሚያውን አስቀድመው ይለዩ፤ ድግሱ የሚሸፈነው በቀሪው ነው።

ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል። በአማራ ገጠር ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ታላቂቱ ስትዳር ታናሺቱንም በዚያው ዳስ፣ በዚያው በሬ መዳር የቆየ ልማድ ነው። ለደጋሹ አንድ ድግስ ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ልጅቱ 13 ዓመት የሞላት ከሆነ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እሥራት ይደነግጋል። ከሕጉም በላይ፣ ከትምህርት ገበታ የተነሣች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የምታጣው ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር ሊወዳደር አይችልም። ለሁለት ለደረሱ ልጆች አንድ ድግስ መደገስ ቁጠባ ነው። ያልደረሰችውን መጨመር ግን የእሷን ዕዳ በወላጅ ስም መበደር ነው።

እንግዲህ የጥር ደጋሽ የዝግጅት መርሐ ግብር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ በመስከረም የእንግዳውን ቁጥር መወሰንና መቋቋሚያውን መለየት፤ በጥቅምት ዕቁብና ዕድሩን ማነጋገር፤ በኅዳር በሬና ቅቤ፤ በታኅሣሥ እህልና በርበሬ መግዛት፤ በጥር ሽንኩርቱን ገዝቶ እንግዳ መቀበል። በዚህ አኳኋን የተዘጋጀ ሰው ሠርገኛ ሲመጣ የሚቀነጥሰው በርበሬ አይኖርም፤ የእርሻ በሬውም ከበረቱ፣ ዕቃውም ከሱቁ አይጎድልም።