ኮሶና የፋርማኮሎጂ ተማሪ

የፋርማኮሎጂን ኮርስ የሚጀምር ተማሪ ከመጀመሪያው ትምህርት ጋር አንድ የግዴታዎች ዝርዝር ይቀበላል። አናቶሚን፣ ፊዚዮሎጂንና ባዮኬሚስትሪን አስቀድሞ ማለፍ፣ ከቤተ ሙከራ አለመቅረት፣ ያዩትን በዕለቱ በመዝገብ ማስፈር፣ የመድኃኒት መጠን ስሌትን ያለ ስሕተት መሥራት፣ መድኃኒትን በንግድ ስሙ ሳይሆን በወል ስሙ መጥራት፣ እነዚህንና እነዚህን የመሳሰሉ። ብዙው ተማሪ ዝርዝሩን እንደ ቢሮ ማስታወቂያ አንብቦ ያልፈዋል። በዚህ ጽሑፍ እነዚህ ሕጎች ለምን እንደ ተደነገጉ ለማየት እንሞክራለን። ለማሳያነት የመረጥነውም ቤተ ሙከራ ሳይሆን በአዲስ ከተማ የሚገኘውን መርካቶን ነው።

በመርካቶ ቅመም በሚሸጥባቸው ሥፍራዎች ከኮረሪማውና ከጥቁር አዝሙዱ ሳይርቁ ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬ፣ እንዶድ፣ ቀበሪቾና የድንገተኛ ሥር ይገኛሉ። አብዛኞቹ የረጅም ዘመን ልምድ ያላቸው ናቸው፤ ጥቂት የማይባሉትም በውስጣቸው ኃይለኛ ንጥረ ነገር እንዳለ በምርምር ታውቋል። ስለሆነም እነዚህን ተክሎች «የኋላ ቀርነት ምልክት» ብሎ መናቅ ለሳይንስ ተማሪ አይገባውም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ምን ያህል? ለማን? ለስንት ጊዜ? ከምን ጋር? ፋርማኮሎጂ መድኃኒት በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን፣ ሰውነትም በመድኃኒቱ ላይ የሚያደርገውን የሚያጠና ሳይንስ እንደ መሆኑ መጠን ሥራው የሚጀምረው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ከሁሉም ኮሶን እንውሰድ። በሳይንሳዊ ስሙ ሀጌኒያ አቢሲኒካ የሚባለው ይህ የደጋ ዛፍ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ሲሆን፣ ለመድኃኒትነት በይበልጥ የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጥና በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ማለዳ ይጠጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝናው ባሕር ተሻግሮ በአውሮፓ ፋርማሲዎች ጭምር ይሸጥ ነበር። በአገራችንስ በሽታው ራሱ በመድኃኒቱ ስም መጠራቱን ልብ ብላችኋል? «ኮሶ አለብኝ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ትሉ ነው።

የጥንት ሰዎች ኮሶን በየሁለት ወሩ ገደማ የመጠጣት ልማድ ነበራቸው። ምክንያቱን ለማወቅ የትሉን አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። በጥሬ የከብት ሥጋ አማካይነት የሚመጣው ታኒያ ሳጂናታ የተባለው ትል ራሱን በአንጀት ግድግዳ ላይ አጣብቆ ይኖራል። መድኃኒቱ ረጅሙን አካል ቆርጦ ካስወጣና ራሱን ካስቀረ፣ ትሉ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። ጠጪው ብዙ ትል ሲወጣ አይቶ ተፈወስኩ ይላል፤ ወራት ሲያልፉ ግን ይመለስበታል። ሥጋው በጥሬው እስከ ተበላ ድረስም እንደ ገና የመያዝ ዕድሉ አለ። «ሠራ» እና «ፈወሰ» የተለያዩ ቃላት መሆናቸውን ተማሪው የሚረዳው ፊዚዮሎጂንና የጥገኛ ትላትሎችን ትምህርት አስቀድሞ ከቀሰመ ብቻ ነው። የቅድመ ሁኔታ ኮርሶች አስፈላጊነት ከዚህ ላይ ነው።

ከባዱ ጉዳይ መጠን ነው። የኮሶ አበባ ኃይል እንደ አለቃቀሙና እንደ አቀማመጡ ይለያያል፤ አንዱ እጅ የሚጨብጠውም ከሌላው እጅ እኩል አይደለም። ያረጀው አበባ ሲደክም ትኩሱ ይበረታል። ኮሶን ከመጠን በላይ መጠጣት ከብርቱ ማስቀመጥና ማስመለስ አልፎ የዓይንን ብርሃን እንደሚጎዳ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1985 በጫጩቶች ላይ የተደረገ ጥናትም ይህ ተክል በዓይን ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ አሳይቷል። ትልን ለማስወጣት ሲባል ዓይንን ማጣት እጅግ ውድ ዋጋ ነው።

ይህን ከፕራዚኳንቴል ጋር እናነጻጽር። ለዚህ ትል የሚሰጠው መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ለአንድ ጊዜ ነው። በ10 ብናሰላ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው 600 ሚሊ ግራም፣ ማለትም የተለመደው አንድ እንክብል ይደርሰዋል። 18 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ግን 180 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም የእንክብሉ ሲሶ እንኳ አይሞላም። ዐሥርዮሽ ነጥቡን በአንድ ቤት ያሳተ ተማሪ ዐሥር እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። በሌሎች ኮርሶች ለስሌት ስሕተት ከፊል ነጥብ ሲሰጥ በዚህ ኮርስ መምህራን የሚጨክኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

የስሙም ሕግ እንዲሁ ከአደጋ የመጣ ነው። ፓራሲታሞል በብዙ የንግድ ስሞች ይሸጣል፤ በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ተቀላቅሎ ይገኛል። አንድ ሰው ለራስ ምታቱ አንዱን፣ ለጉንፋኑ ሌላውን ገዝቶ ሁለቱንም ሲውጥ ሁለት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል እንጂ አንዱን ደግሞ እንደ ወሰደ አያውቅም። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም በላይ መውሰድ ጉበትን ለከፋ ጉዳት ያጋልጣል። የወል ስሙን የሚያውቅ ባለሙያ ግን ድርብርቡን ወዲያው ይለየዋል።

ስለ ቤተ ሙከራ መዝገብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ዲጂታሊስ ስለተባለው ተክል ባሳተመው መጽሐፍ የተሳካለትን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካለትንም ጽፏል፤ ለተማሪ ይህ አርአያ ይበቃል። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ባየ ጊዜ በማየት ብቻ አልቆመም። ያየውን በቤተ ሙከራ ፈትኖ፣ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለመከላከል የሚያገለግል መሆኑን አሳየ። የእንዶድ ዱቄት ዛሬም በገበያ ለልብስ ማጠቢያ ይሸጣል፤ ቢጠጣ ግን መርዝ ነው።

በመጨረሻም ተማሪው ወደ ሆስፒታል ወጥቶ ከሕሙማን ጋር ሲገናኝ የሚጠበቅበት አንድ ግዴታ አለ፤ በጽሑፍ ካሉት ሁሉ ቀድሞ የሚዘነጋውም ይኸው ይመስለናል። «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ተብለው የሚጠየቁ እናት ብዙ ጊዜ «የለም» ይላሉ፤ ኮሶውን ወይም ሥሩን እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም፣ ወይም እንዳይቆጧቸው ይፈራሉ። ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ አለበት፦ «እማማ፣ በዚህ ሰሞን የጠጡት ቅጠል ወይም ያኘኩት ሥር አለ?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ተማሪው ስሙን፣ የተወሰደውን ክፍል፣ መጠኑንና ጊዜውን በካርዱ ላይ ይጽፋል፤ የተረፈ ካለም በወረቀት ጠቅልለው እንዲያመጡለት በትሕትና ይጠይቃል።