ለቀጋና ለአጋም ዳር የሚሆን ዘንግ

ልጄ፣ የስልኩን ጥያቄ በስልክ መመለስ ከበደኝና ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ። ከውጭ የሚመጣው ዘመድህ «የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላምጣልህ፣ የትኛውን ልግዛ?» ብሎሃል። አንተም ቅዳሜ ቅዳሜ ከወረታ ተነሥተህ በአዲስ ዘመን በኩል ከጣራ ገዳም ሥር ወደሚወርዱት ጅረቶች፣ ሲሞላልህም ወደ ርብ ላይኛው ክፍል ለመውጣት አስበሃል። ዕድሜዬን በእነዚህ ውኃዎች ዳር ስለጨረስኩ የማውቀውን ልንገርህ።

1. ከዘንጉ በፊት የምትቆምበትን ቦታ እይ። እንግዶቹ «ፍላይ» የሚሉት ዘንግ ጫፉ ላይ ከላባና ከክር የተሠራ የዝንብ ምስል ይታሰርበታል። ምስሉ ክብደት ስለሌለው ብቻውን አይወረወርም። የሚወረወረው ወፍራሙና ከባዱ ክር ነው፤ ዝንቡ ክሩን ተከትሎ ይሄዳል። ለዚህም ክሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ሄዶ መዘርጋት አለበት። ሜዳ ላይ ይህ ደስ የሚል ነገር ነው። እኛ ጅረት ዳር ግን ከኋላህ ቀጋ፣ ከጎንህ አጋም፣ ከራስህ በላይ ሾላ አለ። ወደ ኋላ የላክኸው ክር አይመለስልህም። ስለዚህ ለእኛ ሰፈር የሚሆነው ዘንግ ወደ ኋላ ሳይወረወር የሚሠራው ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፍልህ ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር የሚመጣ ነው።

2. ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ይሁን። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው 2 ሜትር ከ70 የሚሆነው ነው፤ እሱ ለሐይቅና ለትልቅ ወንዝ ነው። ለእኔም አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ረጅም ዘንግ ሰጥቶኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስገባ ጫፉ ቀጋ ውስጥ ቀረ፤ ሳላየው አንድ እርምጃ ሄድኩና ተሰበረ። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል ለዕቃ አዝኜ አላውቅም። በአጭር ዘንግ እንዴት እንደሚወረወር ስትመጣ አሳይሃለሁ። መንጠቆውን ከጎባጣው በኩል በሁለት ጣት ይዘህ ዘንጉን እንደ ቀስት ትለጥጠውና ትለቀዋለህ፤ ዝንቡ ከቅጠሉ ሥር ሾልኮ ይገባል። ጣትህን ከስለቱ አርቅ።

3. ቁራጩ 4 ይሁን። የ2 ሜትር ዘንግ በሁለት የሚከፈል ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሜትር ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ የት ታደርገዋለህ? በአራት የሚከፈለው ግን ግማሽ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ቦርሳህ ውስጥ ከጋቢህ ጋር ይገባል። ባለብዙ ቁራጭ ዘንግ ይሰበራል ሲሉ ትሰማለህ። የሚሰበረው መጋጠሚያው ሳይጠብቅ ሲቀር ነው። ስትገጥም ትንሽ አጣመህ አስገባና እያሽከረከርክ አቃናው፤ በየመካከሉም በእጅህ እየዳሰስክ መላላቱን እይ። ማታ ስትፈታው አድርቀህ አስገባ። መያዣውን ሱቅ አትግዛው፤ ከቧንቧ ሠራተኛ የተረፈ የፕላስቲክ ቧንቧ ይበቃል።

4. ፋይበርግላስ ይሁን፣ ካርቦን አይሁን። ካርቦን ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ድንጋይ ሲነካው ግን ይሰነጠቅና በሌላ ቀን ባላሰብከው ሰዓት ይሰበራል። ፋይበርግላስ ቀስ ብሎ ይጎብጣል፣ ብዙ ይችላል፣ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል። ለአጭር ውርወራ የሚፈለገውም ይኸው መጉበጡ ነው። ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚሸከመውን የክር ክብደት ይነግርሃል፤ ለጅረት ከ2 እስከ 4 ያለው ነው፣ እኔ 3 እልሃለሁ።

5. ለክር ማጠንጠኛው ብዙ ገንዘብ አታውጣ። ትንሽ ጅረት ላይ ሥራው ክር መያዝ ብቻ ነው። ከነጭራሹ የሌለውም አለ። ጃፓኖች በተራራ ወንዞቻቸው የሚጠቀሙበት ተንካራ የሚባል ዘንግ ማጠንጠኛ የለውም፤ ክሩ ጫፉ ላይ ይታሰራል፣ ዘንጉም አንዱ ባንዱ ውስጥ እየገባ ግማሽ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ልጅነቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እኛስ ሸምበቆ ቆርጠን ጫፉ ላይ ናይለን አስረን አልነበረም የምናጠምደው? ተንካራ ግን አብዛኛው ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ ከዛፍ ሥር ለመግባት አጠር ያለውን መፈለግ ይሻላል። ገንዘብ ካነሰ የኔ ምርጫ እሱ ነው።

6. ዝንቡን አትግዛ። የአውራ ዶሮ አንገት ላባ፣ የልብስ ስፌት ክር፣ ትንሽ መንጠቆ። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀው፤ ትንሹን ዓሣ ሳትጎዳው መልሰህ ትለቀዋለህ። ቅርንጫፍ ሲይዝብህም፣ ጆሮህን ሲይዝብህም ቶሎ ይወጣል።

7. ይህን ከሁሉ በላይ ስማኝ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ዘንግህን ስቀል። እኛ ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም፤ በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት ዘመድ ነው። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በአርኖ ጋርኖ ሽቅብ ይሄዳሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ጥርት ብሎ በፍጥነት የሚፈስ ውኃ ነው፤ እንቁላሉ አየር የሚያገኘው እዚያ ነው፤ ደለል ከሸፈነው ይሞታል። በዚያው ሰሞን ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ የዓሣ ገበያም ይሞቃል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትህ ተወው። እኔ የምልህ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው፣ ብርብራ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚበትነው ሰው የሚይዘው እንቁላል የተሸከመችውን እናት መሆኑን ነው። ተመራማሪዎች ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ በሦስት አራተኛ ያህል መመናመናቸውን ለክተው ጽፈዋል። አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣን በመርዝ መያዝ ይከለክላል፤ ስለ ፈቃድና ስለ ወቅት ግን የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቅ አትውረድ። በበጋ ኩሬ በኩሬ ሆነው የቀሩትን ትንንሾች መልሳቸው፤ ለቤት አምባዛ ይበቃሃል። የገዳሙ ክልል ውስጥ ከሆንክም አባቶችን ሳታስፈቅድ ክር አታርጥብ።

8. ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስ። አንተ ትንሽ ልጅ ነበርክ፣ አታስታውሰውም፤ እዚሁ በሊቦ ከምከም የገባው በሽታ ካላዛር መሆኑ በ1997 ዓ.ም. ተለይቶ እስኪታወቅ ብዙ ሰው አልቋል። መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ሲባል ነበር። የምታመጣው ከትንኝ የምታንስ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በኋላ በተደረገው ጥናትም ቀን ግራር ሥር የሚተኙና ማታ ከቤት ውጭ የሚያድሩ ሰዎች ይበልጥ ተይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ ቀን ግራር ሥር እንዳትተኛ፣ ዓሣው ማታ ይበላል ብለህም ውጭ እንዳታድር።

9. ዘንግህ ተርፎህ ሩቅ አገር ካማረህ ባሌ ሂድ። ዲንሾ አካባቢ በዌብና በዳንካ ውስጥ ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ትራውት አለ፤ እዚያ ወንዙ ቀዝቃዛ፣ ዳሩም ሣር ስለሆነ ክርህን ወደ ኋላ እንደልብህ ትዘረጋዋለህ።

ዕቃው እስኪመጣ አንድ ሽመል ቆርጬ ጣሪያ ሥር አድርቄልሃለሁ። ሸምበቆ ሲደርቅ ይሰባበራል፤ ሽመል ውስጡ ድፍን ስለሆነ ይጎብጣል እንጂ አይሸነፍም። ጥቅምት ሲወጣ፣ ውኃው ሲጠራ፣ መጥተህ ውሰደው።