ለዓሣ ማኖሪያ መስተዋት እንጨት ስንመርጥ

ለሣይንስ ትምህርት ዓሣ በመስተዋት ሣጥን ስናኖር መጠጊያ እንዲሆነው እንጨት እናስገባለን። ታዲያ ከየዱሩ የተለቀመ ሁሉ አይሆንም፤ ዛፉን ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። የብርብራ ፍሬና ቅርፊት ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣ ያሰክራል፤ ሮቴኖን የሚባል መርዝ ስላለበት ዓሣው በኦክሲጅን መጠቀም ያቅተዋል። በአንድ ቁራጭ እንጨት ምክንያት ተማሪው ጠዋት ሲገባ የሞተ ዓሣ ቢያይ ምን እንመልስለታለን? ወተት የሚያወጡት ቁልቋልና ቅንጭብ፣ ሙጫ ያለው ጥድም ይቅሩ። ባሕር ዛፍ በየደጁ ሞልቷል አንበል፤ ዘይቱ አያስተማምንም።

እኛ የምንወደው ወይራ ነው፤ ጠንካራና ከባድ። ዛፍ አንቆርጥም፤ ወድቆ በደንብ የደረቀውን እናነሣለን። ጥፍር ከገባበት በስብሷል።

ቅርፊቱን ልጠን፣ ያለ ሳሙና በብሩሽ ፈትገን፣ በግማሽ በርሜል ሁለት ሰዓት ያህል እንቀቅላለን። ከዚያ ውሃውን እየለወጡ አንድ ሁለት ሳምንት መዘፍዘፍ ነው። ከተንሳፈፈ ከድንጋይ ጋር ይታሰራል።

ውሃው እንደ ሻይ ቢቀላ ታኒን ነው፤ ዓሣ አይገድልም። ግን ውሃውን ወደ አሲድነት ይስበዋል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ደግሞ የለመደው ወደ አልካላይን የሚያደላ ውሃ ስለሆነ እስኪጠራ ብንዘፈዝፈው ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጭ ሻጋታ ቢያወጣ እንጨቱን አውጥቶ መፈተግ ይበቃል።