ጨዋታው ሲታደስ ልብሱ ለምን ይጠፋል? ከአንድ የ«ስካይሪም» ካባ እድሳት የተገኘ ትምህርት

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በጨዋታ ዝመና ምክንያት ከአገልግሎት ውጭ የሆነ የአልባሳት ሞድ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚታደስ ያሳያል። ለማሳያነት የቀረበው በ2011 ለወጣው «ስካይሪም» የተሠራ አንድ ካባ በ2016 ወደ ወጣው «ስፔሻል ኤዲሽን» የተሸጋገረበት ሂደት ነው። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የፋይል ቅርጸትን መለወጥ ከሥራው ቀላሉ ክፍል እንደሆነ፣ ከባዱ ግን ልብሱ ከአጽሙ፣ ከገላውና ከሠሪው ፈቃድ ጋር የነበረውን ትስስር መልሶ ማቆም እንደሆነ ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

1. መግቢያ

ሞድ ማለት የጨዋታው አምራች ሳይሆን ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በጨዋታው ላይ የሚጨምሩት ይዘት ነው። የአልባሳት ሞድ ደግሞ ለገጸ ባሕርያት አዲስ ልብስ፣ ጥሩርና ጌጥ ያቀርባል። ሠሪዎቹ በአብዛኛው ያለ ክፍያ የሚሠሩ ግለሰቦች ስለሆኑ ጨዋታው በተዘመነ ቁጥር ሥራቸውን የማደስ ግዴታ የለባቸውም። ትምህርት፣ ሥራ ወይም ትዳር ወደ ሌላ ይወስዳቸዋል፤ ልብሱ ግን በአሮጌው ቅርጸት እንዳለ ይቀራል።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። ዩኒኮድ በ1999 የኢትዮጵያን ፊደል ከማካተቱ በፊት በልዩ ልዩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ሆነው ይታያሉ። የጠፋው ጽሑፉ ሳይሆን ጽሑፉን የሚያነበው ሥርዓት ነው። ያረጀ ሞድም እንዲሁ ነው። ስለሆነም የአዳሹ የመጀመሪያ ጥያቄ «ፋይሉ ምን ሆነ?» ሳይሆን «አንባቢው ምን ተለወጠበት?» መሆን ይገባዋል።

2. የተለወጠው ምንድን ነው?

ቤቴስዳ ጌም ስቱዲዮስ «ስካይሪም»ን ለገበያ ያቀረበው ኅዳር 2011 ሲሆን፣ የኮምፒውተር ዕትሙ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነበር። በጥቅምት 2016 የወጣው «ስፔሻል ኤዲሽን» ግን ባለ 64 ቢት ነው። ተጫዋቹ የሚያየው ዓለም ብዙም ባይለወጥም ከሥር ያለው አሠራር ተለውጧል። ልብስን የሚመለከቱት ለውጦች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው የቅርጽ ፋይሉ ነው። ልብሱን በሦስት ማዕዘኖች የሚገነባው የኒፍ ፋይል በአሮጌው ዕትም የውስጥ ቁጥሩ 83 ሲሆን በአዲሱ 100 ነው። ቅርጹና ውሂቡ ቀድሞ በሁለት ክፍሎች ተለያይተው ይቀመጡ ነበር፤ አሁን «ቢኤስትራይሼፕ» በሚባል አንድ ክፍል ተጠቃለዋል። ሁለተኛው ልብሱን ለጨዋታው የሚያስተዋውቀው የመዝገብ ፋይል ነው፤ የመዝገቡ የቅርጽ ቁጥር ከ43 ወደ 44 አድጓል። ሦስተኛው ፋይሎቹ ታሽገው የሚቀመጡበት የቢኤስኤ ማኅደር ነው፤ ይህም ከ104 ወደ 105 ተሸጋግሯል። አራተኛው ጨርቅ እንዲወዛወዝ የሚያደርጉ የፊዚክስ ቅጥያዎች ናቸው። ለ32 ቢት የተዘጋጀ ቅጥያ በ64 ቢት ፕሮግራም ውስጥ ከቶ ሊጫን አይችልም።

ዝመና ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም። በኅዳር 2021 ከ«አኒቨርሰሪ ኤዲሽን» ጋር የመጣው ዝመና የጨዋታውን ዋና ፕሮግራም በመለወጡ በፕሮግራሙ አድራሻዎች ላይ የተመሠረቱ ቅጥያዎችን ሰብሯል፤ የኒፍ ፋይሎችን ግን አልነካም። ስለዚህ ለ«ስፔሻል ኤዲሽን» የተሠራ ልብስ ከዚያ ዝመና በኋላ ችግር ካሳየ፣ ቅርጹን ከመነካካት በፊት የሚደግፉትን ቅጥያዎች መመርመር ይገባል።

3. ማሳያውና የአሠራሩ ቅደም ተከተል

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመረጠው ልብስ ለሴት ገጸ ባሕርይ የተዘጋጀ፣ ጫፉ መሬት ሊነካ የደረሰ ባለ ቆብ ካባ ነው። በአሮጌው ዕትም የካባው ጫፍ በፊዚክስ ቅጥያ ይወዛወዝ ነበር። ሥራው የተካሄደው በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ የኦሪጅናሉ ሙሉ ቅጂ ተለይቶ ተቀመጠ። ከዚያ ማኅደሩ ተፈትቶ ፋይሎቹ በተናጠል ወጡ። የቅርጽ ፋይሎቹ «ኒፍ ኦፕቲማይዘር» በሚባለው መሣሪያ ተለወጡ። ይህ መሣሪያ ለፊትና ለፀጉር ክፍሎች የተለየ ምርጫ አለው፤ የካባው ቆብ ግን በራስ ላይ ቢደረግም ልብስ እንጂ የራስ ክፍል ስላልሆነ ምርጫው አልተነካም። በመጨረሻ የመዝገብ ፋይሉ በ«ክሪኤሽን ኪት» ተከፍቶ እንደገና ተቀመጠ።

ከእያንዳንዱ እርምጃ በኋላ ልብሱ በጨዋታው ውስጥ ተሞክሯል። ሁሉንም ለውጦ በአንድ ጊዜ የሚሞክር ሰው ጨዋታው ሲዘጋበት ጥፋቱ ከየትኛው እርምጃ እንደመጣ ማወቅ ይሳነዋል።

4. ግኝት

ቅርጸቱ ያለ ችግር ተለወጠ፤ ካባው መሬት ላይ ተጥሎ በትክክል ታየ። ገጸ ባሕርይዋ ስትለብሰው ግን ጨዋታው ድንገት ተዘጋ። ምክንያቱ የተገኘው ቅርጹ የተሳሰረባቸውን አጥንቶች ዝርዝር በመመርመር ነው። እያንዳንዱ የልብስ ነጥብ ከአጽሙ የትኛውን አጥንት፣ በምን ያህል ድርሻ እንደሚከተል በፋይሉ ውስጥ ተጽፏል። የካባው ጫፍ የተሳሰረው ከአሮጌው የፊዚክስ ቅጥያ ጋር በመጡ አጥንቶች ሲሆን፣ እነዚህ አጥንቶች በአዲሱ አጽም ውስጥ የሉም። መለወጫው ቅርጹን እንጂ ይህን ትስስር አይጠግንም።

የመጀመሪያው መፍትሔ በ«አውትፊት ስቱዲዮ» የገላውን ድርሻ ወደ ካባው መቅዳት ነበር። ጨዋታው መዘጋቱን አቆመ፤ ነገር ግን ገጸ ባሕርይዋ ስትራመድ የካባው ጫፍ ከሁለቱ እግሮች ጋር ተከፍሎ ሱሪ መሰለ። ገላው ከወገብ በታች ሁለት እግር ነውና ከእርሱ የተቀዳ ድርሻም እንዲሁ ሆነ። የጨዋታው አጽም ለቀሚስ ተብለው የተዘጋጁ፣ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ የሚገኙ አጥንቶች አሉት። በእነዚህ አጥንቶች ከሚጠቀም የጨዋታው ልብስ ድርሻው ሲቀዳ ካባው እንደ ካባ መንቀሳቀስ ጀመረ። የቀድሞው ውዝዋዜ ግን አልተመለሰም። ያን ለመመለስ በአዲስ የፊዚክስ ቅጥያ ከመሠረቱ መሥራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጉድለት የአቅራቢው የራሱ ስሕተት ውጤት ነው። በጨዋታው የገጸ ባሕርይ ክብደት ከ0 እስከ 100 ስለሚለያይ እያንዳንዱ ልብስ ለቀጭንና ለወፍራም ገላ ሁለት ፋይሎች አሉት፤ በመካከል ያለውን ጨዋታው ራሱ አስልቶ ያገኘዋል። አቅራቢው ከብብት ሥር የተጣበቁ ጥቂት ነጥቦችን ከወፍራሙ ፋይል ብቻ ሰረዘ። ካባው በ0 እና በ100 ያማረ ሆኖ ሳለ በ50 ላይ እንደተቀደደ ጨርቅ ተበታተነ። የሁለቱ ፋይሎች ነጥቦች በቁጥርም በቅደም ተከተልም አንድ መሆን አለባቸው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት፣ የታደሰ ልብስ በሁለቱ ጫፎች ብቻ ሳይሆን በመካከለኛው ክብደትም መሞከር እንዳለበት ነው።

ሌሎቹ ጉድለቶች ቀላል ነበሩ። አንድ ቦታ ላይ የታየው ወይን ጠጅ ቀለም የገጽ ምስሉ በተጻፈበት አድራሻ አለመገኘቱን ያመለክት ነበር፤ አድራሻው ሲስተካከል ጠፋ።

5. የፈቃድ ጥያቄ

ካባው ከተጠገነ በኋላ ከቴክኒኩ የሚከብድ ጥያቄ ቀረ፤ ሥራው የማን ነው? ሠሪው ከሞዱ ጋር ባስቀመጠው ማስታወሻ ለግል ጥቅም ማሻሻልን ፈቅዷል፤ መልሶ ማሰራጨትን ግን ያለ ፈቃዱ ከልክሏል። አቅራቢው ለፈቃድ ሁለት ጊዜ ጽፎ መልስ አላገኘም።

«ሠሪው ትቶታል፤ ስለዚህ የሁሉም ነው» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይሁንና ዝምታ ፈቃድ አይደለም። በሌላ በኩል ዝምታን እንደ መጨረሻ ክልከላ ብቻ ከወሰድነው ሥራው በማንም ሳይለበስ ይጠፋል፤ ይህም ሠሪው የፈለገው ነው ለማለት አይቻልም። አቅራቢው የመረጠው መካከለኛ መንገድ የታደሰውን ካባ ሳይሆን የልዩነት ፋይል ማዘጋጀት ነው። ይህ ፋይል በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለውን ለውጥ ብቻ ስለሚይዝ ብቻውን ልብስ ሊሆን አይችልም፤ ተጠቃሚው ኦሪጅናሉን ከሠሪው ገጽ ማግኘት ይኖርበታል። ስሙ ከሥራው አይለይም፤ ሠሪው አንድ ቀን ተመልሶ ቢከለክል ደግሞ የልዩነት ፋይሉን ማንሳት ይበቃል። መንገዱ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም፤ የኦሪጅናሉ ገጽ ከተዘጋ የልዩነት ፋይሉም ከንቱ ይሆናል።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ ሥራ ሦስት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ጥገና ከመጀመሩ በፊት ዝመናው የነካው የትኛውን ክፍል እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ መለወጫ መሣሪያ ፋይሉን እንጂ ፋይሉ ከሌሎች ጋር ያለውን ትስስር አያድስም፤ ስለዚህ ፈተናው ልብሱ ተለብሶ፣ በእንቅስቃሴና በየክብደቱ መካሄድ አለበት። ሦስተኛ፣ ሞድ የሚሠሩ ሰዎች ሥራቸውን ሲያወጡ «መልስ ካልሰጠሁ ሌላ ሰው ሊያድሰው ይችላል» ወይም «አይችልም» የሚል አንድ መስመር ቢያክሉ ከነርሱ በኋላ የሚመጣውን አዳሽ ከትልቅ ችግር ያወጡታል። ለዚህ ካባ የጎደለው ከሁሉ በላይ ያ አንድ መስመር ነበር።