አሮጌ ላንድክሩዘር በሮቤ፦ ከመግዛት በፊት ሦስት ፈተናዎች

በባሌ ደጋ ጠያቂ ከማያጡት ያገለገሉ መኪኖች አንዱ አሮጌው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። የስንዴና የገብስ ነጋዴው ከማሳ እስከ መጋዘን ይመላለስበታል። ከሐረና ጫካ ቡና የሚያወጣው ነጋዴ ከደሎ መና ይወጣበታል። ለቱሪስት የሚያከራየው ደግሞ ዲንሾና ሳነቴን ያሰላል፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ይህ ስሌት ብዙዎችን የሚስብ ሆኗል። በአውሮፓና በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተሠራውን የላንድክሩዘር 40 ሞዴል ከድሮ ስፖርት መኪኖች እኩል የሚሰበስቡት ሰዎች አሉ። እዚያ መኪናው ጌጥ ነው፤ እዚህ ግን እንጀራ ነው። ስለሆነም የእኛ ገዢ እንደ ሰብሳቢው በቀለምና በስም ሊገዛ አይገባውም።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው፤ በሮቤ ከተማ ውስጥ ብቻ ተነድቶ የተገዛ መኪና አልተፈተነም። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባም ከዚህ ብዙ አትርቅም። ከአዲስ አበባ የመጣ መኪና ሮቤ አስፋልት ላይ ደህና ቢሄድ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። ከጎባ በላይ ያለው መንገድ ግን በሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና በሐረና በኩል ወደ ቆላ ይወርዳል። የመኪናው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው በቀዝቃዛ ሞተር፣ በዳገትና በቁልቁለት ነው።

ስሕተት ለምን ውድ ሆነ?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ ጣለባቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ሲደመሩ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋውን ይዞ ይቆያል፤ መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለሆነ ይወደዳል። ቀድሞ በትንሽ ወጪ የሚታለፍ የሞተር ጉዳት ዛሬ የአንድ መኸር ትርፍ ሊበላ ይችላል።

ኮፈን ሲከፈት የሚታይ ልዩነት

ሻጩ “ላንድክሩዘር ነው” ሲል ገዢው “ሞተሩስ የትኛው ነው?” ብሎ መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣው የ70 ሞዴል ላይ በብዛት የሚታወቁት የናፍጣ ሞተሮች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ቱኤች የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር 4 ሊትር ሞተር ነው። ከባድና ዝግተኛ ቢሆንም ቫልቮቹን የሚያዘው በጥርስ ማርሽ ስለሆነ የሚበጠስ ቺንጋ የለውም። ሁለተኛው ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጣው ዋን ኤችዜድ ነው። ይህም ባለ 6 ሲሊንደር ሲሆን 4,164 ሲሲ ነው። ጠንካራነቱ የተመሰከረለት ቢሆንም የቫልቭ ሰዓቱን የሚጠብቀው የጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ሞተሩ እየሠራ ቢበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ውጤቱም የቴስታታ ሥራ ነው።

ፒክአፕ ሃይሉክስ የሚፈልግ ገዢም ይህንኑ ያስተውል። በአሮጌዎቹ ላይ የሚገኙት ቱኤል (2,446 ሲሲ) እና ስሪኤል (2,779 ሲሲ) ሞተሮች ቺንጋ አላቸው፤ ከመጠን በላይ ሲሞቁም ቴስታታቸው በመሰንጠቅ ይታወቃል። በእነዚህ ቶዮታዎች የተለመደው የቺንጋ መቀየሪያ ጊዜ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። በብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ “ቲ-ቤልት” የሚል መብራት አለ፤ ጊዜው ሲደርስ ይበራል። ቁልፍ ሲከፈት ይህ መብራት ከሌሎቹ ጋር ለአፍታ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። የቺንጋው መቀየር በደረሰኝ ካልተረጋገጠ ገዢው እንዳልተቀየረ ቆጥሮ ዋጋውን ያስላ።

አንደኛ ፈተና፦ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ

የቀጠሮው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይሁን። የሮቤ ማለዳ ብርዱ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ገዢው እንደ ደረሰ መጀመሪያ እጁን ራዲያተሩና ሞተሩ ላይ ያድርግ። ሞቀው ከተገኙ ሻጩ ቀድሞ አስነስቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ በማግስቱ ይመለስ።

የናፍጣ ሞተር በብርድ የሚነሳው ማሞቂያ ካንዴላዎቹ ሲሠሩና በሲሊንደሩ ውስጥ በቂ እመቃ ሲኖር ነው። ሞተሪኖው ብዙ ከዞረ በኋላ እየተንተባተበ ከተነሳ ጉዳዩ ቀላል (ካንዴላ ወይም ባትሪ) አለዚያም ከባድ (ያለቀ የፒስተን ቀለበት) ሊሆን ይችላል። ከተነሳ በኋላ ጭሱን ይመልከቱ። ነጭ ጭስ ለጥቂት ጊዜ ቢታይና ቢጠፋ ከብርዱ ነው። ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ የሚቀንስ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ይጠረጠራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት እንፋሎት እንደ ጀበና ጉንፍ ጉንፍ እያለ የሚወጣ ከሆነ ቀለበቶቹ አልቀዋል ማለት ነው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ወይም በዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ከታየ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ መነጋገር የሚቻለው የሞተር ሥራን ወጪ ቀንሶ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ፈተና፦ ከጎባ ወደ ሳነቴ

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው ወደ 14 ኪሎ ሜትር ለማሟሟቂያ ብቻ ይሁን። ፈተናው የሚጀምረው ከጎባ ሲወጣ ነው። በ4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ወደ 61 በመቶ ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ነው። ፋብሪካው ወደ 130 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ዋን ኤችዜድ እዚያ ላይ የሚቀረው ወደ 80 ገደማ ነው። የሚረጨው ናፍጣ ሳይቀንስ አየሩ ስለሚያንስ ዳገት ላይ ጥቂት ጥቁር ጭስ መታየቱ ከከፍታው ነው። ጥቁሩ ጭስ ሮቤ ላይም በሜዳ መንገድ ከታየ ግን አየር ማጣሪያው፣ ኖዝሎቹ ወይም የናፍጣ ፖምፓው ይመርመሩ።

ከጉልበቱ ይልቅ የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በሮቤ ከ92 ዲግሪ በታች፣ በሳነቴ ደግሞ ከ87 ዲግሪ በታች ይፈላል። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፈተው በ82 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። ሞተሩን የሚያድነው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዙ ነው፤ ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል፤ ውኃው ይፈላል፤ ቴስታታው ይጣመማል። በዋጋ ከሁሉ የሚያንሰው ዕቃ ከሁሉ ውድ የሆነውን ያበላሻል። ስለዚህ ክዳኑ ከጉዞው በፊት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይታይ። በሞቀ ሞተር ላይ ግን ከቶ አይከፈት፤ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

በዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመካከል አልፎ እየወጣ ከሄደ ይቁም። መርፌው ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነም አይታመን፤ ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮኑን ለመፈተን በከፍተኛ ማርሽ ላይ ነዳጅ መስጠት ይበቃል፤ የሞተሩ ድምፅ ሲጨምር ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የፊት ጎማ ዲፈረንሻሉንና ከባዱን ማርሽ ጠጠር ላይ አስገብቶ መሞከርም የግድ ነው። ለዓመታት ያልተነካ ማርሽ ጭቃ ውስጥ ባለቤቱን ይከዳል።

ሦስተኛ ፈተና፦ ቁልቁለት

ብዙ ገዢ ዳገቱን ሞክሮ ይመለሳል። ነገር ግን ሰው የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው። የፍሬኑ ረዳት የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና በውስጡ ባለው ባዶነት መካከል ባለው ልዩነት ነው። በከፍታ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ደህናው ረዳት እንኳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በእነዚህ የናፍጣ ቶዮታዎች ባዶነቱን የሚፈጥረው ፖምፓ ነው። እርሱ ካረጀ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ቀላሉ ፈተና ይህ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ብዙ ጊዜ ይረገጥና እንደ ተረገጠ ሞተሩ ይነሳ። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካላለ ረዳቱ አይሠራም።

ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ መውረድ የካምቢዮውንም ጤንነት ያሳያል። ነዳጅ ሲለቀቅ ማርሹ በራሱ የሚወጣ ከሆነ ካምቢዮው መከፈቱ አይቀርም። ከወረዱ በኋላ ከየፊት ጎማው ጀርባ ያለው ክብ ኳስ ይታይ። በላዩ ላይ ቀጭን የቅባት ሽፋን ቢኖር ተፈጥሮው ነው። ዘይትና ግሪሱ ተቀላቅሎ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የዲፈረንሻሉ ሲል አልቋል፤ ዘይቱ ፍሬን ሸራው ላይ ሊደርስ ይችላል። በመጨረሻም ሰው መኪናው ሥር ይግባ። ባሌስትራዎቹ በሻንሲው የታሰሩበትና የመሪው ሳጥን የተያዘበት ቦታ ስንጥቅና አዲስ ብየዳ የሚፈለግባቸው ናቸው። ሻንሲው በአዲስ ጥቁር ቀለም ከተሸፈነ ገዢው በጣቱ ሳይሆን በመዶሻ ያንኳኳ። ስቱኮ ላሜራን ያስመስላል፤ ድምፁ ግን ያጋልጠዋል።

ሊብሬውና ዕዳው

መኪናው ሦስቱን ፈተናዎች ቢያልፍም ወረቀቱ ካላለፈ ንግድ የለም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ መመዝገብ አለበት። በባንክ ዋስትና ተይዞ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ እንደሆነ መኪናው ከተመዘገበበት ጽሕፈት ቤት ይጠየቅ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ የሚከፈል ቀረጥና ታክስ አለ፤ ማን እንደሚከፍለው በውሉ ይጻፍ። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መንዳት የሰውን ዕዳ ይዞ መንዳት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል። ነገር ግን ገዢው በውሉ ጊዜ ያወቀውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካላደረገ በቀር ሊያየው ይችል የነበረውን ጉድለት ሻጩ አይጠየቅበትም። ፈተናው እንግዲህ ለኪስ ብቻ ሳይሆን ለመብትም ይጠቅማል። “መኪናውን ባለበት ሁኔታ ተረክቤአለሁ” የሚለው ዓረፍተ ነገር ሳይነበብ አይፈረምበት።

ዋጋውን እንዴት እንደራደር?

ለምሳሌ ብቻ እንበልና ሻጩ 2,000,000 ብር ጠየቀ። በፈተናው የቺንጋ፣ የራዲያተር፣ የፊት ሲልና የፍሪሲዮን ሥራ ተገኘ። ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ጋራዥ ዕቃውንና የእጅ ዋጋውን 260,000 ብር ገመተ። መኪናው ለ15 ቀን ይቆማል፤ በቀን 4,000 ብር ያስገባ ነበር ብንል 60,000 ብር ይታጣል። አሮጌ መኪና ሲፈታ ያልታሰበ ነገር ስለማይጠፋ በግምቱ ላይ አንድ አራተኛ፣ ማለትም 65,000 ብር ይጨመር። ድምሩ 385,000 ብር ነው። ገዢው ከ1,615,000 ብር በላይ ከከፈለ የሻጩን ጥገና በራሱ ገንዘብ አደረገለት ማለት ነው። ቴስታታው ወይም ሻንሲው የተሰነጠቀ ከሆነ ግን ቅናሽ ከመደራደር ትቶ መሄድ ይሻላል።

ደላሎችም ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም አለ። ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው መኪናው ሲሸጥ ስለሆነ ፈተናው የሚያዘገየው ሊመስለው ይችላል። ሮቤና ጎባ ግን ሰው የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሳነቴ ላይ ገዢውን አቁሞ የቀረ መኪና ያሻሻጠውን ሰው ስም ይዞ ይወርዳል። ማለዳውን፣ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ራሱ ያስፈተነ ደላላ ግን በሚቀጥለው መኸርም ይፈለጋል። ሻጩ ለፈተናው ግማሽ ቀን አልሰጥም ካለ መልሱ ተገኝቷል፤ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይቆይ፣ ሌላ መኪና ይፈለግ።