ውጭ አገር ለሚሄድ ሰው መድን ያስፈልገዋል ወይ?

ባለፈው ሰሞን ማታ ከትምህርት በኋላ አንዲት እናት ደብተራቸውን እንደያዙ ወደ እኛ ቀረቡ። ልጃቸው የምትኖረው አሜሪካ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ እናቷ ለሦስት ወር እንዲመጡላት ትፈልጋለች። ቪዛው ወጥቷል። ሽሮው ተፈጭቷል፤ በርበሬው ተደልዟል፤ የገንፎው እህልም ተዘጋጅቷል። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው። ልጅቱ በስልክ፣ «እማዬ፣ ኢንሹራንስ ልግዛልሽ ወይስ ይቅር?» ብላቸዋለች። እሳቸውም፣ «ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ምን ልበላት?» አሉን።

አብረው የነበሩ አንድ አባት፣ «ሦስት ወር ምን አላት! እግዜር ይጠብቃቸዋል። ገንዘቡን ለአራሷ ቅቤ ይግዙበት» አሉ። ሌላው ደግሞ፣ «የጤና መድን ካርድ አላቸው እኮ! እሱን ይዘው ቢሄዱ ምን ይጎድላቸዋል?» ብለው ጠየቁ።

በዚያ ምሽት እኛም በቂ መልስ አልነበረንም። ሳናውቅ «ይግዙ» ብንል የሰው ገንዘብ እናስባክናለን። «ይቅርብዎ» ብንል ደግሞ የባሰ ጉዳት ልናደርስ እንችላለን። ስለዚህ አንድ ሳምንት ያህል ጠየቅን፣ አነበብን፣ እርስ በርሳችንም ተከራከርን። ያገኘነው ይኸውና።

ለመሆኑ መድን ማለት ምንድን ነው? መድንና ኢንሹራንስ አንድ ነገር ናቸው፤ አንዱ የአገራችን ቃል፣ ሌላው ከውጭ የመጣ ነው። ነገሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። እድር እናውቃለን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን፤ ሐዘን የደረሰበት ሰው ብቻውን የማይችለውን ወጪ እድሩ ይሸከምለታል። ዓመቱን ሙሉ ሐዘን ያልገባበት ቤት፣ «ያዋጣሁትን መልሱልኝ» አይልም፤ እንዲያውም ተመስገን ይላል። መድንም እንደዚሁ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ ይከፍላል፤ ጉዳት የደረሰባቸው ጥቂት ሰዎች ካሳ ይቀበላሉ። የሚከፈለው ገንዘብ አረቦን ይባላል። መንገደኛው በሰላም ሄዶ በሰላም ከተመለሰ አረቦኑ አይመለስም።

ልዩነቱ ይህ ነው። እድርተኛ ይተዋወቃል። በደንቡ ያልተጻፈ ነገር ቢመጣ እንኳ ዳኛው ሰው ሰብስቦ ይመክርበታል፤ ይሉኝታም አለ። መድን ድርጅት ግን የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። በወረቀቱ ላይ ያለውን ይከፍላል፤ የሌለውን አይከፍልም።

ስለ ጤና መድን ካርዱ የተነሣውም ሐሳብ መልስ ይፈልጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች የተስፋፋ ነው። ካርዱ የሚሠራው ውል በተያዘባቸው፣ አገር ውስጥ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሥራው ያበቃል። ያን ካርድ ይዞ አሜሪካ ሐኪም ቤት መሄድ፣ የማያውቁት አገር እድር ዘንድ ሄዶ ድንኳን እንደ መጠየቅ ነው።

ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው በዚህ ጉዳይ ብዙ አይጨነቅም፤ ሕጉ ወስኖለታል። ጀርመን፣ ኢጣሊያ፣ ፈረንሳይ፣ ስዊድንና ሌሎችም፣ በጠቅላላው 29 አገሮች፣ ሼንገን በሚባል ስምምነት አንድ ዓይነት የአጭር ጊዜ ቪዛ ይሰጣሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የቪዛ ደንባቸው እንደሚለው፣ ከእኛ አገር ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ማቅረብ አለበት። ይህም ለድንገተኛ ሕክምና፣ ታሞ ወደ አገሩ ለመመለስ፣ ቢሞትም አስከሬኑን ለመመለስ የሚሆን ነው። ያለዚህ ወረቀት ቪዛው አይገኝም። ወረቀቱን እዚህ አገር ያሉ መድን ድርጅቶችም ይሸጡታል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ቪዛው ቢከለከል አረቦኑ ይመለሳል ወይ?

አሜሪካ ግን ሌላ ነው። ለጉብኝት ቪዛ መድን ግዴታ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ካልተጠየቅሁ አያስፈልገኝም ማለት ነው» ይላል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎን ነበር። ኋላ ስናየው ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኖ አገኘነው። ማንም በማይጠይቅበት አገር ነው ሕክምናው ከሁሉ የሚወደደው።

አሜሪካ ውስጥ በ1978 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት፣ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ሁሉም ለማለት ይቻላል፣ በድንገት የታመመን ሰው ገንዘብ የለውም ብለው ከበር ሊመልሱት አይችሉም። መርምረው ከአደጋ ሊያወጡት ይገባል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ሕጉ «በነፃ አክሙ» አላለም። ሰውየው ከዳነ በኋላ ሒሳቡ በፖስታ ይመጣል። ከደረጃ ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ለተሰበረ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ጥቂት ቀን ለተኛ ሰው ሒሳቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ይህ ወደ ብር ሲመነዘር የአንድ ጎጥ በሬ ሁሉ ቢሸጥ መሙላቱ ያጠራጥራል።

ሒሳቡ የሚመጣው በታማሚዋ ስም ነው። ሆኖም ልጅ እናቷን አስተኝታ በድንጋጤ የሰጧትን ወረቀት ሁሉ ብትፈርም፣ «ከፋይዋ እኔ ነኝ» ብላ ፈርማ ልትገኝ ትችላለች። ስለዚህ ሳይነበብ አይፈረም። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች አቅም ለሌለው ሰው ሒሳብ የሚቀንሱበት በጽሑፍ የተቀመጠ ደንብ አላቸው፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን ለማን እንደሚፈቀድ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስለሚለያይ እሱን ተማምኖ መሄድ አይገባም።

ሌሎች ጉዞዎችንም በአጭሩ እንይ። ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለዑምራ የሚሄድ ሰው የመድኑ ዋጋ ከቪዛው ክፍያ ጋር አብሮ ይታሰብበታል፤ ሁለተኛ ከመግዛቱ በፊት የመጀመሪያው ምን እንደሚሸፍን ይጠይቅ። ሞያሌ ላይ ድንበር ተሻግሮ ገበያ ውሎ የሚመለስ ሰው ደግሞ፣ በእኛ አስተያየት፣ ገንዘቡን ለዚህ ባያወጣ አይጎዳም። ቢታመም ዞሮ መግባት ይችላል። ለሥራ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱት ልጆቻችን ጉዳይ የአሠሪና የውል ነገር ስለሆነ ለብቻው መታየት ያለበት ነው።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ። ይህን ሁሉ ስንነግራቸው ካዳመጡ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ እኮ ደም ብዛት አለብኝ። ኪኒን እውጣለሁ። ይህን ብነግራቸው እንቢ አይሉኝም? ልደብቀው?» አሉን።

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ብዙዎቹ የጉዞ መድኖች ከጉዞው በፊት የነበረ በሽታን አይሸፍኑም። አንዳንዶቹ ደግሞ የቆየው በሽታ በድንገት ሲያገረሽ ለሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ብቻ፣ እስከተወሰነ ገንዘብና እስከተወሰነ ዕድሜ ድረስ ይከፍላሉ። ይህ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል ነው። መደበቅ ግን መፍትሔ አይሆንም። በእኛ አገር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ መድን የሚናገረው ክፍል ዛሬም የሚሠራ ነው፤ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን በትክክል እንዲናገር ያዛል፤ አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። የአሜሪካው ድርጅትም መጀመሪያ ላይ ምንም ባይጠይቅ፣ ካሳ ሲጠየቅ የሐኪም መዝገብ አስመጥቶ ያያል። ያን ጊዜ አረቦኑም ሄደ፣ ካሳውም ቀረ ማለት ነው።

ስለዚህ፣ «እማማ፣ አይደብቁ። ልጅዎ ሁለት ነገር ትጠይቅ። የቆየ በሽታ ሲያገረሽ ይከፈላል ወይ? ከተከፈለስ እስከ ስንት?» አልናቸው። ደግሞም ከየትኛውም መድን የሚረክስ መከላከያ አለ። ለሦስቱም ወር የሚበቃ ኪኒን ከነማሸጊያው መያዝና ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ጽፎ እንዲሰጣቸው ማድረግ ነው። ኪኒናቸው አልቆባቸው እዚያ አገር ሐኪም ፍለጋ የሚዞሩ እንግዶች ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ ልጅቱ ሁለት ዓይነት ወረቀት እንዳገኘች ነገረቻቸው። አንዱ ርካሽ ነው፤ ሌላው ውድ። ዋጋው እንደ ዕድሜው፣ እንደ ቆይታውና እንደ ሽፋኑ ስለሚለያይ፣ ለትምህርት ያህል ቀላል ቁጥሮች ወስደን እንሥራው። አንደኛው 300 ዶላር ነው እንበል። ይህ ወረቀት ለእያንዳንዱ ነገር ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይከፍላል፤ ለአንድ አልጋ ቀን 1,400፣ ለቀዶ ሕክምናው 3,000 ዶላር። ሁለተኛው 600 ዶላር ነው። ይህኛው የመጀመሪያውን 500 ዶላር ታማሚው እንዲችል ያደርግና ከዚያ በላይ ያለውን እስከ 50,000 ዶላር ድረስ ይሸፍናል። ታማሚዋ 5 ቀን ተኝታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሒሳቡ 40,000 ዶላር መጣ። አንደኛው ወረቀት 5 ጊዜ 1,400፣ ማለት 7,000፣ ሲደመር 3,000፣ በጠቅላላው 10,000 ዶላር ከፈለ። ስንት ቀረ? ሁለተኛው ሲሆንስ ስንት ቀረ? በደብተራችሁ ሥሩትና ልዩነቱን ከ300 ዶላሩ ጋር አስተያዩት። ርካሹን መግዛት ጨርሶ ካለመግዛት ይሻላል፤ ግን «መድን አለኝ» ብሎ ተኝቶ ለሚያድር ሰው 30,000 ዶላር ቀሪ ሒሳብ ቀላል ድንጋጤ አይደለም።

እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ፣ «ብዙው ሰው እኮ ሳይታመም ነው የሚመለሰው» ብሎ ተከራከረን። እውነቱን ነው። ብዙው ሰው በሰላም ይመለሳል፤ መድን ድርጅቶቹም ከዚህ ያተርፋሉ። ስለዚህ ሚዛን ላይ መቀመጥ ያለበት «እታመማለሁ ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። ያን ማንም አያውቅም። «ብታመምስ ቤተሰቤ ምን ይሸጣል?» የሚለው ነው። የጠፋ ሻንጣ፣ የዘገየ አውሮፕላን ያበሳጫል እንጂ ቤት አያፈርስም፤ ለእሱ ተብሎ ተጨማሪ አረቦን መክፈል ለእኛ ብጤ ሰው ትርፍ ወጪ ነው። የሆስፒታል ዕዳ ግን አራስ ልጅ የታቀፈችን ልጅ ለዓመታት ሊያስገብር ይችላል።

እናትየው በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁን፤ እኛ ወጣቶቹ ያላሰብነው ነበር። «ብሞትስ? እድሬ እዚህ ነው። ሬሳዬን ማን ያመጣዋል?» አሉ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ በዚያ ያሉ ያገር ልጆች ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተሰብስበው ያዋጣሉ። ነገር ግን አስከሬን መመለስ በብዙዎቹ የጉዞ መድኖች ውስጥ አብሮ ያለ ሽፋን ነው። ልጅቱ በወረቀቱ ላይ ፈልጋ አገኘችው፤ እናቷም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ከሁሉም በላይ ደስ ያላቸው በዚህ መሰለን።

ውዱን ወረቀት ገዛች። በድንገተኛ ጊዜ የሚደወልበትን ስልክና የውሉን ቁጥር እናትየው ራሳቸው በትልልቁ በሁለት ወረቀት ላይ ገለበጡት፤ አንዱን በኪኒኑ ከረጢት ውስጥ፣ አንዱን በፓስፖርታቸው መካከል አደረጉት። 7ቷ ቁጥር 1 ስለምትመስል ደግመው እንዲጽፏት አድርገናል።